ለክረምት ሚሽን የት እንሂድ? ሩቅ፣ ቅርብ፣ ከፈረንጅ ቲም ጋር ወይስ እዚሁ ሐዋሳ

ግንቦት ሲጋመስ በሐዋሳ የወጣት ህብረቶች ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ዘንድሮ ለሚሽን፣ ለአጭር ጊዜው የወንጌል አገልግሎት ጉዞ፣ የት እንሂድ? አንዱ ለደቡብ ኦሞ ሸክም አለኝ ይላል። አንዷ ቦረና ትላለች። ሌላው ውጭ አገር ያለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ቲም ልትልክ ስለሆነ እነሱን እናስተናግድ ይላል። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «እዚሁ ብንሠራስ?» ሲል ግን ሰሚ አያገኝም። ወሬው ወዲያው ወደ ቲሸርቱ ቀለም ይዞራል።

አራቱንም አማራጮች ጎን ለጎን ላስቀምጣቸው። የምጽፈው በዋናነት ለወንጌላውያን ወጣቶች ነው። ለገጠር አገልግሎት የሚወጡ የኦርቶዶክስ ግቢ ጉባኤ ልጆችንም ግን ብዙው ነገር ይመለከታቸዋል። ጭቃው ያው ጭቃ ነው።

እኔ ቦታ የምመዝነው በአንድ ነገር ነው። እናንተ ሻንጣ ጭናችሁ በተመለሳችሁ ማግስት ሥራውን ማን ይዞ ይቀጥላል? የዚያን ሰው ስምና ስልክ የማታውቁ ከሆነ ጉዞው ሽርሽር ነው። ሽርሽር ክፋት የለውም። ለሽርሽር ግን መባ አይሰበሰብም።

ሩቁ፦ ቦረና እና ደቡብ ኦሞ

ሁለቱን በአንድ ላይ «ቆላ» ብሎ መጠቅለል ይቀናናል። መንገዱም፣ ቋንቋውም፣ ወቅቱም የየራሱ ነው።

ቦረና መንገዱ ቀና ነው። በዲላ፣ ከዚያ በቡሌ ሆራ አድርጋችሁ ያቤሎ ትገባላችሁ። ከሐዋሳ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ማለዳ የተነሳ በዚያው ቀን ይደርሳል። ሞያሌ ድረስ ከዘለቃችሁ ወደ 500 ይጠጋል። በዚህ መስመር የጸጥታ ጉዳይ የሚነሳበት ጊዜ ስላለ ከመነሳታችሁ በፊት መናኸሪያ ወርዳችሁ የመስመሩን ሹፌሮች ጠይቁ። ከማንም በላይ እነሱ ያውቃሉ። ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ነው። በሐዋሳ ህብረቶች ውስጥ ደግሞ አፋን ኦሮሞ የሚናገር ልጅ አይጠፋም።

ወቅቱን ብዙዎቻችን እንስተዋለን። ለእኛ ሐምሌ ዝናብ ነው። ለቦረና ግን ሐምሌና ነሐሴ ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ጊዜ ነው፣ አዶሌሳ ይሉታል። ዋናው ዝናብ ጋና ሲሆን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንባል። አነስተኛው ሐገያ ደግሞ በመስከረምና በኅዳር መካከል ነው። ስለዚህ በክረምት መንገዱ አያስቸግራችሁም። የሚያስቸግረው ጋና ካልጣለ ነው። ያኔ ጎልማሳው ከብቱን ይዞ ሩቅ ይወርዳል፣ መንደር የምታገኙት አዛውንትና ሕፃናትን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ዝናብ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲቀር ቦረና ስንት ከብት እንዳለቀ የሚረሳ አይደለም። እንዲህ ባለ ዓመት ሃያ ሆናችሁ ከሄዳችሁ የምትጠጡት ውሃ ከሰው ጀሪካን የተቀነሰ ነው።

ደቡብ ኦሞ ሌላ ዓለም ነው። በሶዶ አድርጋችሁ አርባ ምንጭ ታድራላችሁ። በማግስቱ በኮንሶ በኩል ጂንካ ትገባላችሁ። ሁለት ቀን ለመሄድ፣ ሁለት ቀን ለመመለስ ማለት ነው። «የአንድ ሳምንት ሚሽን» ብላችሁ ካቀዳችሁ ለአገልግሎት የተረፋችሁ ሦስት ቀን ነው፣ ከሦስቱ አንዱን ደግሞ በድካም ታሳልፉታላችሁ። ቋንቋው ብዙ ነው። ሐመር፣ አሪ፣ ዳሰነች፣ ሙርሲ እያለ 16 ገደማ ብሔረሰቦች የሚኖሩበት አካባቢ ነው። ጂንካ ከተማ ላይ አማርኛ ያግባባል፣ ከከተማ ስትወጡ ግን አስተርጓሚ ካልያዛችሁ አፋችሁ ተዘጋ ማለት ነው።

የገበያ ቀን እወቁ። ቀይ አፈር ሐሙስ፣ ዲመካ ቅዳሜ፣ ቱርሚ ሰኞ ነው። ቅዳሜ ዲመካ አካባቢ ያለ መንደር በእግር ገብታችሁ ማንም የለም ብትሉ አይፈረድባችሁም። ሰዉ ገበያ ነው። ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሳትም እዚያ ትርጉሙ የተለየ ነው። ቱሪስት ለአንድ ፎቶ ሲከፍል የኖረበት አገር ነው። ካሜራ ያወጣ ሰው ደንበኛ ነው፣ ዘማሪ መሆኑን ማንም አያይለትም።

ጤና ላይ አንድ ሁለት ነገር። ወባ አለ፣ ስለዚህ አጎበር ይዛችሁ ሂዱ። ከተመለሳችሁ ከሳምንታት በኋላም ትኩሳት ከያዛችሁ ለሐኪሙ የት እንደነበራችሁ ቀድማችሁ ንገሩ። በኅዳር 2018 የማርበርግ ቫይረስ በሽታ የተገኘው ጂንካ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ጉዞ መሰረዝ እምነት ማነስ አይደለም። ቫይረስ ይዞ ወደ ሰው መንደር መግባትም፣ ይዞ ወደ ሐዋሳ መመለስም አለና።

ሩቅ መሄድ ራሱ ለምን እንደሚያጓጓን ይገባኛል። የደቡብ ወንጌላውያን ታሪክ የጉዞ ታሪክ ነው። የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን ሰዎች በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ ወላይታን ለቅቀው ሲወጡ ትተውት የሄዱት የተጠመቀ አማኝ ሃምሳ አይሞላም ነበር። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ሲመለሱ በሺዎች የሚቆጠር ጠበቃቸው። ያንን ሥራ የሠሩት የአገሩ ወንጌላውያን ናቸው። ከዚያም ብዙዎቹ ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ አሪ ዘልቀዋል። ልብ በሉ፣ ሚስትና ልጅ ይዘው ነው የሄዱት፣ ቋንቋ ተምረው፣ መሬት ቆፍረው፣ ታስረው ጭምር። የእኛን ሁለት ሳምንት ከዚያ ጋር በአንድ ስም መጥራታችን አንዳንዴ ያሳፍረኛል። የእኛ ሥራ እዚያ ዛሬም ላለው ወንጌላዊ ክንድ መሆን ነው፣ ለዚያ ደግሞ ሃያ ሰው አያስፈልግም።

ስለዚህ ሩቁን የምመርጠው እንዲህ ሲሆን ነው። እዚያ ያለች አጥቢያ ራሷ ስትጋብዝ፣ ቲሙ ስድስት ወይም ሰባት ሰው ሲሆን፣ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ሲኖራችሁ፣ በሚቀጥለውም ዓመት እዚያው ቦታ ለመመለስ ከተስማማችሁ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ አልሄድም። ግብዣው ከጎደለማ ነገሩ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ነው።

ቅርቡ፦ የሲዳማ ወረዳዎች

ሁላ፣ ቡርሳ፣ አርቤጎና፣ ቤንሳ። ከሐዋሳ ማለዳ ወጥቶ ለምሳ የሚደረስባቸው ናቸው። ጉራ የሚነዛባቸው አይደሉም። «ሀገረ ሰላም (የሁላ ከተማ) ሄድን» ብሎ ኢንስታግራም ላይ የሚለጥፍ ብዙ አላየሁም።

ለአብዛኛው የሐዋሳ ህብረት ግን ይሄን ነው የምመክረው። ዋናው ምክንያት ቋንቋ ነው። ከህብረታችሁ ግማሹ ሲዳሙ አፎ ይናገራል። እነዚያ ልጆች ከተማ ውስጥ ዝም የሚሉ ናቸው፣ ስብሰባው በአማርኛ፣ መዝሙሩ በአማርኛ ስለሆነ። ሁላ ላይ ግን መሪ ይሆናሉ። በአማርኛ ጎበዝ የነበረው ቲም ሊደር ደግሞ ውሃ ቀጂ ይሆናል። ይሄን መገለባበጥ ለማየት ብቻ ብሄድ አይቆጨኝም።

ሁለተኛው ክትትል ነው። ነሐሴ ላይ ያስተማራችሁትን ልጅ ጥቅምት ላይ በአንድ ቅዳሜ ሄዳችሁ ታዩታላችሁ። ጂንካ ላይ ይሄ አይታሰብም።

ችግሩ ክረምቱ ነው። ደጋው በሐምሌ ዝናብ፣ ጉምና ብርድ ነው። ሚኒባሱ ዋናው መንገድ ላይ ያወርዳችኋል፣ ከዚያ ወዲያ እግር ነው። የከተማ ጫማ አንድ ቀን አይቆይም፣ ቦት ጫማ ግዙ። ኪቦርድና ጀነሬተር ተሸክማችሁ አትውጡ። ሰዉ በእጁ እያጨበጨበ ከእናንተ የተሻለ ይዘምራል።

አንድ ነገር ቀረብ ብላችሁ እዩልኝ። ቲሙ ወንጌላዊው ቤት ይደርሳል። አሥራ አምስት ልጅ። እናትየው ከማታ ጀምሮ ቆጮውን ስትጨምቅ፣ ስትከትፍ አድራለች። ቡርሳሜ፣ በቅቤ የራሰው ቆጮ፣ ቀርቧል፣ ቅቤው ከላይ ይንሳፈፋል። ልጆቹ በልተው «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለው ወደ ስብሰባ ይወጣሉ። የቤቱ ልጆች በጓዳ በር ቆመው የሻፌታውን፣ የሸክላ ገበታውን፣ ባዶ መሆን ያያሉ። ያ ቅቤ ለገበያ የተቀመጠ ነበር። ክረምት ደግሞ እጅ የሚያጥርበት ወቅት ነው። የቡና ገንዘብ የሚገባው ከጥቅምት ወዲያ ሲለቀም ነው። «አታስቸግሩን፣ ራሳችን እናበስላለን» ማለት መፍትሔ አይመስለኝም፣ እንግዳን አላስተናግድም ማለት ለእሷ ነውር ነው። የሚሻለው ስንቁን ቀድሞ መላክ ነው። ዱቄቱ፣ ዘይቱ፣ ጨውና ስኳሩ ከሁለት ቀን በፊት በአጥቢያዋ ሽማግሌዎች በኩል ይድረስ። እናንተ ስትደርሱ ጓዳዋ ሙሉ ይሁን፣ እሷም በራሷ እጅ ታስተናግድ። ከቤቱ ልጆች ጋርም አብራችሁ ብሉ።

ሥራውስ? የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ለቤተ ክርስቲያኗ ልጆች፣ ለወጣቶቿ መዝሙርና የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት፣ የታመመ መጠየቅ። ትምህርቱን በመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ የምትሰጡ ከሆነ ሒሳብና እንግሊዝኛ ብቻ ይሁን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። ስብከቱን ለአዳራሹ አቆዩት። ርእሰ መምህሩን ጣጣ ውስጥ አትክተቱት፣ እሱ እዚያ ይኖራል።

ከፈረንጅ ቲም ጋር

በአፍሪካ የአጭር ጊዜ ሚሽን ሲባል የብዙ ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው ይሄ ነው። አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሱ ወጣት ፈረንጆች፣ በዙሪያቸው ሕፃናት። እንዲህ ያለው የወጣቶች ጉዞ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ተስፋፍቷል፣ ሐዋሳም ድርሻዋን ታገኛለች። ለከተማዋም እንግዳ ነገር አይደለም። የስዊድን ፊላደልፊያ ሚሽን እዚህ ሠርቷል፣ ሕይወት ብርሃን ቤተ ክርስቲያንም ከዚያ ሥራ ጋር የተያያዘ ጅማሬ አላት። ብቻ የዚያን ጊዜዎቹ ዓመታት ተቀምጠዋል። የዛሬዎቹ አሥር ቀን።

የሐዋሳ ልጅ ለእንዲህ ያለ ቲም የሚፈለገው ለአፉ ነው። እንግዳው በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ እናንተ ወደ አማርኛ ትመልሳላችሁ፣ ወረዳ ላይ ከሆነ ሌላ ወንድም ወደ ሲዳሙ አፎ ይመልሳል። የሃያ ደቂቃ ስብከት አንድ ሰዓት ይፈጃል። ቀልዱ ሦስተኛው ሰው ጋ ሲደርስ ሞቷል። እናቶች ግን ይስቃሉ፣ ለእንግዳው ክብር ሲሉ። ማታ ሁሉም ሲተኛ የአስተርጓሚው ጉሮሮ ተዘግቷል። የቲሙን ሪፖርት ብታነቡ ግን ስሙ አይገኝም።

ጥቅም የለውም አልልም። እንግሊዝኛችሁ በአሥር ቀን ከሴሚስተር በላይ ይሻሻላል። ዕቅድ አያያዛቸው፣ በሰዓት መገኘታቸው ያስተምራል። ዕድሜ ልክ የሚቆይ ወዳጅነትም ይገኝበታል። ከሄዱ በኋላ የሚቀረውን ዕዳ ግን ማንም አያወራም። ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ የሚያገኛችሁ ሰው «ፈረንጆቻችሁ መቼ ነው የሚመለሱት?» ይላችኋል። የመጨረሻው ማታ ላይ አንዷ እንግዳ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ለአንድ ልጅ እናት «እኔ አስተምረዋለሁ» ብላ ነበር። ያ ቃል የወጣው በእናንተ አፍ ነው። እናትየው የምትጠብቀው እናንተን ነው።

እና ይሄን አማራጭ የሚመርጥ ህብረት እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ከቲም ሊደራቸው ጋር በቪዲዮ ቁጭ ብሎ ይነጋገር። ገንዘብም ሆነ ተስፋ ለግለሰብ አይሰጥም፣ ሁሉም በሽማግሌዎች በኩል ይሁን። ሕፃናት ማሳደጊያ ሄዶ ማቀፍና ፎቶ መነሳት ይቅር። እነዚያ ልጆች ባለፈው ወር ሌላ ሰው አቅፏቸው ሄዷል፣ በሚቀጥለው ወርም ሌላ ይመጣል። መርዳት ከፈለጉ ለሞግዚቶቹ ሥልጠና፣ ለቤቱ ጣሪያ ይሁን። ነርስ ወይም የሕክምና ተማሪ ካለ ደግሞ ያለ ፈቃድ ሰው መርፌ መውጋት እንደማይቻል ይንገሩት። በሻንጣ ሞልቶ የሚመጣ መድኃኒትም ፈቃድ ይጠይቃል፣ ያለዚያ ቦሌ ላይ ይቀራል።

የምታስተናግዱት ሐምሌ ላይ ከሆነ ካላንደር እዩ። ሐምሌ 19 የገብርኤል ክብረ በዓል ነው። ሐዋሳ በምእመናን ትጥለቀለቃለች፣ አልጋ ይወደዳል፣ ባጃጁ ሁሉ ወደ ገብርኤል ነው። በዚያ ሳምንት ሐይቅ ዳር ሳውንድ ሲስተም አቁሞ ኮንፈረንስ ማድረግ ጨዋነትም አይደለም። ነሐሴ 1 ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። እንግዶቹ በጾመኛ ጎረቤት በር ላይ ሥጋ እንዳይጠብሱ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የማያውቁት ሆነው እንጂ ክፋት የላቸውም።

ምርጫችሁ «አስተርጓሚ ብቻ» ከሆነ እኔ እምቢ እላለሁ። አብራችሁ የምታቅዱ፣ ተራ ገብታችሁ የምታስተምሩ፣ ይሄ አይሆንም ስትሉ የምትሰሙ ከሆነ ግን ዕድሉን አታሳልፉት።

እዚሁ ሐዋሳ

የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚለው ተረት ለእኛ የተተረተ ይመስላል። ዳሰነች ድረስ ተጉዞ እግር የሚያጥብ ልጅ እዚሁ ሐዋሳ አቶቴ ሰፈር ያለችውን አክስቱን ከጠየቀ ዓመት ያልፈዋል።

ሪፈራል ሆስፒታሉ በር ላይ ጠዋት ትንሽ ቁሙ። ከጉጂ ወይም ከሲዳማ ገጠር አንድ በሽተኛ በአምቡላንስ ይገባል፣ አብሮት አንድ አስታማሚ አለ። አስታማሚው ካርድ የት እንደሚወጣ አያውቅም። በእጁ ያለውን ወረቀት አያነብም። «ይሄን መድኃኒት ከውጭ ግዛ» ሲባል የቱ ውጭ እንደሆነ አይገባውም። ደም ለግስ ይባላል፣ ደንግጦ ይቆማል። ማታ ኮሪደር ላይ ነጠላ አንጥፎ ይተኛል። አፋን ኦሮሞ ወይም ሲዳሙ አፎ የሚችሉ ሁለት ልጆች በየቀኑ ተራ ገብተው ከመስኮት መስኮት ቢያደርሱት፣ ሻይና ዳቦ ቢያቀምሱት፣ ዕድሜያቸው ከ18 ያለፈና ጤነኞቹ ደም ባንክ ሄደው ደም ቢሰጡ፣ ይሄ ሚሽን ካልሆነ ሌላው ምን ሊሆን ነው? ሥራውን በመጀመሪያ ከሆስፒታሉ አስተዳደር ጋር ተስማሙበት። ተነስቶ መሄድ ለማይችል በሽተኛ ደግሞ ሳይጠይቅ አይሰበክም። ይጠይቃችኋል። በሦስተኛው ቀን «ለመሆኑ እናንተ እነማን ናችሁ?» ማለቱ አይቀርም።

ኢንዱስትሪ ፓርኩም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከተከፈተ ወዲህ ከየገጠሩ የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች ይሠሩበታል። ለሦስት ለአራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ከአሜሪካ ከቀረጥ ነጻ የገበያ ዕድል፣ ስትወጣ ሥራ ያጡም ነበሩ። የህብረታችሁ እህቶች እሁድ ከሰዓት ቡና አፍልተው ቢጠሯቸው የሚመጡ አሉ። ፕሮግራም አታብዙባቸው፣ ሳምንቱን ሙሉ ቆመው ነው የዋሉት።

የዚህ አማራጭ ድክመት ግልጽ ነው፣ ሰው አይገኝም። ሰኞ ሃያ ሆናችሁ ትጀምራላችሁ፣ ሐሙስ አምስት ትቀራላችሁ። አንዱን እናቱ ወፍጮ ልካዋለች፣ አንዷ ዘመድ መጥቶባታል። የሚሠራው ዘዴ ሩቅ እንደሄዳችሁ መቁጠር ነው። ፍራሽ ይዛችሁ አዳራሽ ግቡ፣ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ፣ ከየወገኑ አንድ ትልቅ ሰው አብሮ ይደር። ጠዋት ጸሎት፣ ቀን ሥራ፣ ማታ ምስክርነት። ለአሥር ቀን ቤት አለመግባት። ሌላው ድክመት ገንዘብ ነው፣ «እዚሁ ልንሠራ ነው» ላለ ቲም ማንም ፖስታ አይሰጥም። ደግነቱ ብዙም አያስፈልገውም።

ሒሳቡና ቅድመ ጉብኝቱ

ገንዘቡን ለሁለት ከፍላችሁ ጻፉት። በአንድ በኩል መንገድ ላይ የሚቀረውን፦ የሚኒባስ ኮንትራት፣ አልጋ፣ የመንገድ ምግብ፣ ቲሸርት። በሌላ በኩል እዚያ የሚቀረውን፦ ስንቅ፣ መጽሐፍ ቅዱስ በአገሩ ቋንቋ፣ ደብተር፣ ለወንጌላዊው ድጋፍ። የመጀመሪያው ሁለተኛውን ከዋጠው ቦታውን አትቀይሩ፣ ሰው ቀንሱ። ከሃያ ወደ ሰባት ስትወርዱ የሚተርፈው ወንጌላዊውን ለወራት ሊደግፍ ይችላል። የሚላከው ደግሞ በአጥቢያዋ ሒሳብ ይሁን፣ በሰው ቴሌብር አይሁን።

ከመወሰናችሁ በፊት ሁለት ሰው፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ሰኔ ላይ በሕዝብ መኪና ላኩ። ከቤተ ክርስቲያናችሁ ደብዳቤ ይያዙ፣ ለአጥቢያዋም ለቀበሌውም። ውሃው ከየት እንደሚቀዳ፣ ሴቶች የሚያድሩበት ክፍል መቀርቀሪያ እንዳለው፣ መጸዳጃው ማታ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ የገበያ ቀኑ መቼ እንደሆነ አይተው ይምጡ። ወንጌላዊውን ግን «መምጣታችን ይመቻችኋል?» ብለው አይጠይቁት። ጨዋ ሰው ስለሆነ አዎ ነው የሚለው። «የማይመቻችሁ ወር የትኛው ነው?» ይበሉት። ነሐሴ ካለ ነሐሴን ተዉትና ጥር ላይ ሂዱ።